በቅንፍ ውስጥ የተጻፈችው ቁጥር

በሰሜኑ የዓለም ክፍል የበረዶው ወቅት ሲቃረብ በብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት አንድ የተለመደ ጉዞ አለ። ሞቃቱን ወራት በረንዳ ላይ ያሳለፈው ጤና አዳም፣ ለድልህ ተብሎ የተተከለው በሶብላ፣ ገና ፍሬ መያዝ የጀመረው ቃሪያ ከነሸክላው ወደ ቤት ይገባል። መስኮት ዳር ይቀመጣል፤ ነገር ግን መስኮቱ የሚያስገባው ብርሃን አይበቃውም። አዲስ አበባ ላይ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም። ስቶክሆልም ላይ ግን በታኅሣሥ ፀሐይ ከአድማስ በላይ የምትቆየው 6 ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ሚኒያፖሊስ ላይም 9 ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ የተክል መብራት ይገዛል። መብራቱን ሳይረሳ በየማለዳው የሚያበራ፣ በየምሽቱም የሚያጠፋ ሰው ስለማይገኝ ደግሞ በግድግዳው ሶኬትና በመብራቱ ስፒና መካከል የምትሰካ አንዲት የፕላስቲክ ሣጥን ትጨመራለች፤ ታይመር።

ስለ መብራቱ ብዙ ይጠየቃል። ስንት ዋት ነው፣ ቀለሙ ለቅጠል ይስማማል ወይስ ለአበባ፣ ከተክሉ በስንት ስንዝር ይራቅ እየተባለ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ታይመሩ ግን ከመደብሩ መደርደሪያ ላይ ተነሥቶ፣ ጀርባው ሳይገለበጥ፣ ቅርጫት ውስጥ ይወረወራል። ይህ ትኩረት ቦታውን የሳተ ነው። የመብራቱን ጭነት ሁሉ በሆዱ የሚያሳልፈው፣ በቀን ሁለት ጊዜ የኤሌክትሪኩን መንገድ የሚቆርጠውና የሚቀጥለው፣ ይህንንም ቤተሰቡ ተኝቶ ወይም ሥራ ውሎ ሳለ የሚፈጽመው ታይመሩ ነው። ከዚህም በላይ፣ ስለ አቅሙ ሊታወቅ የሚገባው ነገር አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ገላ ላይ ታትሟል፤ የታተመው ግን ሁለት ቁጥር ሆኖ ነው፣ ገዢውም የሚያነበው ትልቁን ብቻ ነው።

ታይመር አላስፈላጊ ነው የሚል ክርክር አያስኬድም። ተክል የቀንን ርዝመት ይለካል። ይህን በማያሻማ ሙከራ ያሳዩት ጋርነርና አላርድ የተባሉ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪዎች ናቸው፤ ውጤታቸው የታተመው በ1920 ነው። የሠሩት ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በቨርጂኒያዋ አርሊንግተን፣ በአሁኑ ፔንታጎን አካባቢ በነበረ የሙከራ እርሻ ነበር። ሜሪላንድ ማሞዝ የተባለው የትምባሆ ዝርያ በበጋ እየረዘመ ይሄዳል እንጂ አያብብም፤ ሰዎቹ ተክሉን ከሰዓት በኋላ ወደ ጨለማ ቤት እያስገቡ በማግስቱ እያወጡ ቀኑን ሲያሳጥሩበት ግን አበበ። ሸክላ ተሸክሞ መግባትና መውጣት የነበረው ያ ሥራ ዛሬ ለአንዲት ሣጥን ተሰጥቷል። በሶብላና የቃሪያ ችግኝ በቀን 14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ሲያገኙ በደንብ ያድጋሉ፤ ጨለማውም ያስፈልጋቸዋል። መብራቱን በእጅ እያበሩ እያጠፉ አንድ ወቅት መዝለቅ የሚቻለው ቤት ለሚውል ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ይረሳል። እንግዲህ ጥያቄው ታይመር ይኑር አይኑር ሳይሆን፣ የትኛው ታይመር የትኛውን መብራት ይችላል የሚለው ነው።

በአውሮፓ የሚሸጥ አንድ ተራ ታይመር ቢገለበጥ ብዙ ጊዜ 16(2) አምፔር፣ 250 ቮልት የሚል ጽሑፍ ይገኝበታል፤ ከጎኑም 3500 ወይም 3680 ዋት ይላል። ገዢው 3680ን አይቶ፣ መብራቱ 200 ዋት መሆኑን አስታውሶ፣ በልቡ እየሣቀ ይከፍላል። በቅንፍ ውስጥ ያለችው 2 ግን ከ16ቱ ጋር እኩል ሕጋዊ ክብደት ያላት ቁጥር ናት። 16ቱ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ለሚግል ተራ ሽቦ፣ ማለትም ለምጣድ፣ ለካውያ፣ ለውኃ ማፍያ ነው። የእንጀራ ምጣድ ሲበራ የሚወስደው ፍሰት ከመጀመሪያዋ ቅጽበት እስከ መጨረሻው ያው ነው፤ ለማብሪያ ማጥፊያ ከዚህ የሚቀል ጭነት የለም። በቅንፍ ያለችው ቁጥር የተሰጠችው ደግሞ ሞተርና ጥቅል ሽቦ ላለባቸው፣ ሲነሡና ሲቆሙ ለሚያስቸግሩ ጭነቶች ነው። ከ16 ወደ 2 መውረዱ የሚያሳየው ነገር ቀላል ነው፤ ያው ሣጥን፣ ያው ብረት፣ እንደ ጭነቱ ጠባይ አቅሙ ወደ ስምንተኛ ይወርዳል።

በአሜሪካ ታይመሮች ላይ ይኸው ነገር በሌላ መልክ ይጻፋል። 15 አምፔር፣ 1875 ዋት የሚለው ትልቁ ቁጥር ነው። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል ለክር አምፖል አነስ ያለ ዋት፣ ለሞተር ደግሞ የፈረስ ጉልበት ክፋይ ተጽፎ ይገኛል። ሻል ባሉት ላይ ለኤሌክትሮኒክ ባላስት ወይም ለኤልኢዲ ተብሎ ለብቻው የተሰጠ ቁጥር አለ። የተክል መብራት የሚገዛ ሰው መፈለግ ያለበት ይህን የመጨረሻውን መስመር ነው።

ኤልኢዲ ከሁለቱ ወገኖች ከየትኛውም አይደለም። እንደ ምጣድ የዋህ አይደለም፤ ሞተርም አይደለም። በመብራቱ ውስጥ የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ለኤልኢዲው የሚስማማ አድርጎ የሚለውጥ ድራይቨር የሚባል ክፍል አለ። በድራይቨሩ መግቢያ ላይ ደግሞ ካፓሲተር አለ፤ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም እንስራ ማለት ነው። መብራቱ ጠፍቶ ሲያድር እንስራው ባዶ ይሆናል። ማለዳ ታይመሩ መንገዱን ሲከፍት ባዶው እንስራ ባንዴ ሊሞላ ይሻማል። በሥራ ላይ ሳለ በ230 ቮልት ግማሽ አምፔር የማይሞላ ፍሰት የሚወስድ የ100 ዋት መብራት፣ በዚያች መነሻ ቅጽበት ከ50 አምፔር በላይ ሊስብ ይችላል። ይህ ከመደበኛው ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። ጊዜው እጅግ አጭር ነው፤ ከሴኮንድ ሺኛ ክፍል እምብዛም አያልፍም። ብሬከሩ አይሰማውም፣ ፊውዙም አይቀልጥም። የታይመሩ መገናኛ ብረቶች ግን ይሰማቸዋል፤ ምክንያቱም ግፊቱ የሚመጣው በትክክል ሁለቱ ብረቶች ሊነካኩ በተቃረቡበት፣ ገና ጥብቅ ብለው ባልተያያዙበት ጊዜ ነው። በመካከላቸው ብልጭታ ይዘላል፣ የብረቱ ገጽ በጥቂቱ ይቀልጣል፤ ቀልጦም ሲበርድ አንዱ ከሌላው ጋር ሊበየድ ይችላል።

ለዓመት ሠርቶልኛል፣ አንድም ቀን አላስቸገረኝም የሚለው መልስ እዚህ ላይ ይመጣል። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ዋስትና ግን አይሆንም። የግድግዳው ኤሌክትሪክ በሴኮንድ ብዙ ጊዜ ወደ ጫፍ ይወጣል፣ ወደ ዜሮም ይወርዳል። ታይመሩ መንገዱን የከፈተው ቮልቴጁ ወደ ዜሮ በቀረበበት ቅጽበት ከሆነ ግፊቱ ትንሽ ነው፤ ጫፍ ላይ ከሆነ ከባድ ነው። ተራ ታይመር ይህን መርጦ አያበራም፤ ዕጣ ነው። በዓመት 365 ጊዜ ያበራል፣ 365 ዕጣ ይወጣል ማለት ነው። በእያንዳንዱ ክፉ ዕጣ ብረቱ ጥቂት ይጎዳል፣ ጉዳቱም ይጠራቀማል።

በእስራኤል ያለው ልማድ ነገሩን ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ታይመር እዚያ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሰንበትን በሚያከብሩ ቤቶች፣ የኢትዮጵያ ተወላጆቹን ጨምሮ፣ የሰንበት ሰዓት በሚል ስም የታወቀ የቤት ዕቃ ነው። ሳሎኑን የሚያበራ፣ ምግብ የሚያሞቀውንም የኤሌክትሪክ ጠፍጣፋ ምድጃ የሚቆጣጠር ሆኖ ለዓመታት ያገለግላል። ምድጃው ግን የምጣድ ወገን ነው። ብዙ መቶ ዋት ተሸክሞ ዓመታት የኖረ ሰዓት በ100 ዋት የተክል መብራት ሊሸነፍ መቻሉ ለብዙ ሰው የማይዋጥ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ልምዱ የተገነባው በዋት ላይ እንጂ በጭነቱ ጠባይ ላይ አይደለም። ዋት ስለ መነሻው ቅጽበት ምንም አይናገርም።

ስለ ዋት ከተነሣ፣ የመብራት ነጋዴዎችን አንድ መጥፎ ልማድ ሳይጠቅሱ ማለፍ አይገባም። በገበያው ላይ ስማቸው 1000 የሚል፣ ነገር ግን ከግድግዳው የሚወስዱት 100 ዋት ያህል ብቻ የሆኑ መብራቶች ብዙ ናቸው። ቁጥሩ ስም ነው እንጂ ልኬት አይደለም ይላሉ። የሚያስቀው፣ መብራቱ ከሆነው በላይ ተጋንኖ ሲጻፍ ታይመሩም ለመብራቱ ከሚችለው በላይ ተጋንኖ ይነበባል፤ በሁለት የተጋነኑ ቁጥሮች መካከል የቆመው ገዢ ሒሳብ ሠርቶ ሊደርስበት የሚችል እውነት የለም። እውነተኛው የመብራቱ ፍሰት በድራይቨሩ ጎን በተለጠፈው ወረቀት ላይ በአምፔር ተጽፏል። መነሻውም እርሱ ነው።

የተበየደ ታይመር ምን ያደርጋል? ለኤልኢዲ ተጠቃሚ መልሱ መጀመሪያ ላይ የዋህ ይመስላል፤ መብራቱ አይጠፋም። ሰዓቱ ይዞራል፣ ዲጂታል ከሆነ መስኮቱ ላይ ጠፍቷል ይላል፣ መብራቱ ግን ሌሊቱን ሙሉ ይበራል። ተክሉ ይጨነቃል፣ የኤሌክትሪክ ክፍያው ከፍ ይላል። ከባዱ ነገር ያለው ሙሉ በሙሉ ሳይበየድ የተጎዳው ነው። ገጹ የተበላሸ መገናኛ ኤሌክትሪክን እንደ ቀድሞው በነፃ አያሳልፍም፤ ይቃወማል፣ ተቃውሞውም ወደ ሙቀት ይለወጣል። ጄምስ ጁል በ1841 ባሳተመው ሕግ መሠረት ይህ ሙቀት የሚያድገው በፍሰቱ ካሬ ነው። በመገናኛው ላይ የ0.1 ኦም ተቃውሞ ቢፈጠር፣ 1 አምፔር ሲያልፍበት የሚወጣው ሙቀት 0.1 ዋት ነው፤ ማንም ልብ አይለውም። 12 አምፔር ሲያልፍበት ግን 14 ዋት ይደርሳል። ይህ ለስስ ሥራ የሚውል የብየዳ ብረት የሚወስደውን ያህል ነው፤ አየር በማያገኝ የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ለዚያውም በቀን 16 ሰዓት።

ስለዚህ ሁለት የተለያዩ አደጋዎች አሉ፣ መምታታትም የለባቸውም። አንድ ትንሽ ኤልኢዲ ብቻ ያለው ሰው ዋና ሥጋቱ መበየድ ነው እንጂ መቃጠል አይደለም፤ እንቅልፍ ሊያጣ አይገባም። በአንድ ታይመር ላይ ዲቫይደር ሰክቶ፣ በዲቫይደሩ ላይ አራት መብራት፣ ማራገቢያና የዘር ማሞቂያ ምንጣፍ ያንጠለጠለ ሰው ግን ሁለቱንም አደጋዎች ባንድ ቀዳዳ አጉሯል። አራቱ ድራይቨሮች ባንድ ቅጽበት ይሻማሉ፤ ማራገቢያው የሞተር ነው፤ ጠቅላላው ፍሰት ደግሞ ቀኑን ሙሉ በአንዲት መገናኛ ያልፋል። የክፍል ማሞቂያ ከዚህ ሁሉ ጋር መሰካቱ ጭራሽ የሚታሰብ አይደለም፤ የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽንም ማሞቂያ በቀጥታ ግድግዳ ላይ እንዲሰካ ነው የሚመክረው።

የጊዜው ርዝመት ራሱ ሌላ መለኪያ ይፈልጋል። የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ደንብ 3 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚቆይን ጭነት የማያቋርጥ ጭነት ይለዋል፤ መስመሩም ከአቅሙ 80 በመቶ በላይ እንዳይጫን ይጠይቃል። በ120 ቮልት የ15 አምፔር መስመር 1800 ዋት ይችላል ቢባልም ለተክል መብራት የሚቆጠረው 1440 ዋት፣ ማለትም 12 አምፔር ነው። ይህን ከኩሽና ሕይወት ጋር ማስተያየት ይቻላል። 1500 ዋት የተጻፈበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ለብቻው 12.5 አምፔር ይወስዳል። በዚያው መስመር ላይ ባለ ሌላ ሶኬት 300 ዋት መብራት ቢኖር ጠቅላላው 15 አምፔር ይሞላል። ቅዳሜ ጠዋት እንጀራ እየተጋገረ ሳለ ታይመሩ በራሱ ሰዓት ብድግ ይላል፤ ብሬከሩ ቢወርድ ጥፋቱ የምጣዱ አይደለም። ሁለት የተለያዩ ሶኬቶች ሁለት የተለያዩ መስመሮች ናቸው ማለት አይደለም፤ የትኛው ከየትኛው ብሬከር እንደሚመጣ ማወቅ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

በብሪታንያና በአብዛኞቹ የባሕረ ሰላጤ አገሮች በሚሠራበት ባለሦስት ጥርስ ስፒና ውስጥ ፊውዝ መኖሩ የተወሰነ መዘናጋት ያመጣል። ፊውዙ የሚጠብቀው ገመዱን ነው። 13 አምፔር የሚለው ፊውዝ የ2 አምፔር መገናኛ ሲጎዳ ዝም ብሎ ያያል። በእርጥብ ቦታ የሚገጠመው የፍሳሽ መቁረጫም እንዲሁ ነው። የአሜሪካው 5 ሚሊ አምፔር አካባቢ፣ የአውሮፓው 30 ሚሊ አምፔር ላይ ይቆርጣል፤ ሰውን ከኮረንቲ ያድናል፣ ውኃና ኤሌክትሪክ ጎን ለጎን በሚኖሩበት በዚህ ሥራም የግድ ያስፈልጋል። የጋለ መገናኛን ግን አያውቅም።

ውኃው የራሱ መንገድ አለው። ሸክላ ሲጠጣ ይንጠባጠባል፣ ቅጠል ሲረጭ ጠሉ ገመድ ይዞ ይወርዳል። ታይመሩ ከሸክላዎቹ በታች ወለል ላይ ከተቀመጠ ጠብታው መጨረሻው እርሱ ነው። ከመደርደሪያው በላይ ወይም ጎን ግድግዳ ላይ ይሁን፤ ወደ እርሱ የሚሄደው ገመድም ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ቀለበት ሠርቶ ይውጣ፣ ጠብታው ከቀለበቱ ሥር እንዲወድቅ።

በስደት የሚኖር ሰው ዕቃ ይዞ ይንቀሳቀሳል፤ ከሁሉ የከፋው ወጥመድም እዚህ ነው። ብዙ የኤልኢዲ ድራይቨሮች ከ100 እስከ 240 ቮልት ባለው ሁሉ ይሠራሉ። ከዋሽንግተን ለእናቱ ወይም ለእኅቱ የተክል መብራት ይዞ አዲስ አበባ የሚገባ ሰው መብራቱ 220 ቮልት እንደሚችል አንብቦ ልክ ነው ይላል። አብሮ የታሸገው ታይመር ግን 125 ቮልት ይላል። የስፒናውን ቅርጽ የሚለውጠው ትንሽ አስማሚ ቮልቴጅ አይለውጥም። መብራቱ ይተርፋል፣ ታይመሩ ይቃጠላል፤ ያውም ሰውየው ተመልሶ ከሄደ በኋላ፣ ነገሩን በማያውቅ ቤተሰብ ፊት ሊሆን ይችላል።

ቮልቴጁ ቢስማማ እንኳ ድግግሞሹ ላይስማማ ይችላል። ጥርሶቹ በእጅ የሚገፉት ባለመዘውሩ ታይመር ጊዜ የሚለካው ከግድግዳው በሚመጣው የኤሌክትሪክ ምት ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ 60 ኸርትዝ ትጠቀማለች፤ ኢትዮጵያ፣ ኤምሬትስና አውሮፓ 50። ለሪያድ የተሠራ ባለመዘውር ታይመር አዲስ አበባ ላይ ቢሰካ መዘውሩ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሄደው የ20 ሰዓት መንገድ ብቻ ነው፤ አንድ ዙር ለመጨረስ 28 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ይፈልጋል። ለ16 ሰዓት የተሞላው ብርሃን 19 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ይሆናል፤ የሚበራበት ሰዓትም በየቀኑ ይንሸራተታል። ባለቤቱ ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል፤ ሣጥኑ ግን ከአገሩ ውጭ ሆኖ እንጂ ምንም አልሆነም። መብራት በሚጠፋበት አገር ባለመዘውሩ ሌላም ችግር አለበት፤ ኤሌክትሪክ በጠፋበት ሰዓት ልክ ወደ ኋላ ይቀራል። በውስጡ ትንሽ ባትሪ ያለው ዲጂታል ታይመር ጊዜውን ይዞ ይቆያል። እርሱንም የሚሞላው ሰው ስለ 12 ሰዓት ጉዳይ ቢጠነቀቅ ደግ ነው፤ በስልክ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ይብራ ብሎ የነገረው ልጅና መስኮቱ ላይ 12ን ፈልጎ ያገኘው አባት ስለ አንድ ሰዓት እያወሩ አይደለም።

መፍትሔው ውድ አይደለም፤ ሰዎች እንደሚያስቡትም በትልቅ ታይመር መግዛት ብቻ አይገኝም። ከሁሉ የተሻለው ጉዳዩን ከግድግዳው መስመር ላይ ማንሣት ነው። ብዙ ትንንሽ የተክል መብራቶች በዝቅተኛው ቮልቴጅ ገመድ ላይ የራሳቸው ሰዓት ቆጣሪ ተገጥሞላቸው ይመጣሉ፤ በዚያ የሚቆረጠው ከድራይቨሩ በኋላ ያለው ለስላሳው ፍሰት ስለሆነ የባዶው እንስራ ሽሚያ በየቀኑ አይነሣም። ለመስኮት ዳር ሦስት ሸክላ ከዚህ በላይ የሚሻ ሰው ምክንያቱን ቢያስረዳ ጥሩ ነው። በግድግዳው ታይመር መሥራት ግድ ከሆነ ለኤልኢዲ ወይም ለኤሌክትሮኒክ ባላስት የተሰጠ ቁጥር የታተመበት ይመረጥ። ያ ከጠፋ በቅንፍ ውስጥ ያለችው ቁጥር ጣሪያ ትሁን፤ የጭነቱ ድምር ከግማሿ ባይበልጥ ይመረጣል። ይህች ቁጥር የተሰጠችው ለካፓሲተር ስላልሆነ ዋስትና ልትባል አትችልም፤ ነገር ግን ከ16ቱ ይልቅ ለእውነቱ ትቀርባለች። መብራቶቹ ብዙ ከሆኑ በሁለት ታይመር ተከፍለው በ15 ደቂቃ ልዩነት ቢበሩ ሽሚያው ይከፈላል፤ ተክሉ ልዩነቱን አያውቀውም። በስልክ የሚታዘዙት ዘመናዊ ሶኬቶችም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደሉም፤ ብዙዎቹ በውስጣቸው ያለው ሪሌይ ትንሽ ነው፣ ብልህነታቸውም በስልኩ ላይ እንጂ በመገናኛው ብረት ላይ አይደለም። ክፍል ሙሉ መብራት ያለው ሰው ደግሞ የታይመር ገበያ ሳይሆን ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ያስፈልገዋል።

የሸማቹ ድርሻ ይህ ከሆነ የአምራቹና የሻጩ ድርሻ ግን አልተሠራም። ዛሬ በቤት ውስጥ የሚበራው መብራት አብዛኛው ኤልኢዲ ሆኖ ሳለ፣ የታይመሩ ማሸጊያ ፊት ለፊት የሚያስተዋውቀው ቁጥር አሁንም የምጣድ ቁጥር ነው። የክር አምፖል ዘመን ሲያልፍ ቁጥሩ አብሮ መለወጥ ነበረበት። ማሸጊያው ላይ የተክል መብራት ሥዕል አትሞ፣ ለተክል መብራት የሚሆነውን አቅም ግን በጀርባ በአጉሊ መነጽር በሚነበብ ፊደል መደበቅ፣ ወይም ከነጭራሹ አለመጻፍ፣ ሕግ ባይጥስ እንኳ ገዢን ማሳሳት ነው። በኢንተርኔት ገበያ የምርመራ ተቋም ምልክት የሌለባቸው ታይመሮች ከሌሎቹ ጎን ተሰልፈው ሲሸጡ ዋጋቸው ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ልዩነቱ አንድ ኪሎ በርበሬ እንኳ አይገዛም። ሥዕሉን ያተመ ሻጭ የኤልኢዲውን ቁጥር ከሥዕሉ ሥር እንዲያትም ማስገደድ ለተቆጣጣሪዎች ከባድ ሥራ አይደለም።

እስከዚያው ግን የተሰካው ተሰክቷል። መብራቱ ከበራ ከአንድ ሰዓት በኋላ እጅን በታይመሩ ጀርባ ላይ ማሳረፍ ይቻላል። ለብ ቢል ደንቡ ነው፤ እጅ ማሳረፍ የማያስችል ከሆነ፣ የፕላስቲኩ ቀለም ወደ ቡናማ ከሄደ፣ የተቃጠለ ነገር ከሸተተ ወይም ቀድሞ ያልነበረ እዝዝታ ከተሰማ ብሬከሩ ወርዶ ታይመሩ ይነቀላል፤ አይጠገንም፣ ለሌላ ሥራም አይተላለፍም። በወር አንድ ቀን ደግሞ ሣጥኑ ጠፍቷል በሚልበት ሰዓት ወደ ተክሎቹ ክፍል ጎራ ብሎ መብራቱ እውነት መጥፋቱን ማየት ያስፈልጋል።